«3500 ይጎትታል»፦ የሶማሌ ተራ የተሳቢ መጎተቻዎችና የገጠማ ሥራው ሲገመገሙ

ሶማሌ ተራ መጎተቻ (ተሳቢ ከመኪና ኋላ የሚያያዝበት ብረት) ፍለጋ የሄደ ሰው ባዶ እጁን አይመለስም። ከአሜሪካ መኪና የተፈታ ባለ አራት ማዕዘን ቱቦ አለ፤ ከአውሮፓ መኪና የወረደ፣ አንገቱ የተቆለመመ ኳስ (ተሳቢው የሚያያዝበት ድቡልቡል ብረት) አለ፤ እዚያው አካባቢ ከወፍራም ብረት ተቆርጦ የተበየደም አለ። ሻጩ «ይሄ 3500 ይጎትታል» ይላል። ብረቱ ላይም እውነትም 3500 ተጽፏል። የምን 3500? የአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ መጎተቻ ከሆነ 3,500 ፓውንድ ነው፤ በኪሎ 1,588። ለአውስትራሊያ ወይም ለአውሮፓ ሃይለክስ የተሠራ ከሆነ ግን 3,500 ኪሎ ነው። አንዱ ከሌላው ከእጥፍ በላይ ይበልጣል፤ በዓይን ግን ሁለቱም ጥቁር ቀለም የተቀቡ ከባድ ብረቶች ናቸው። ከቁጥሩ ኋላ «ኤልቢ» (lb) የሚል የላቲን ምህጻር ካለ ፓውንድ ነው። ጽሑፉ በቀለም ከተሸፈነ ደግሞ ሻጩን ፈቃድ ጠይቃችሁ በሽቦ ብሩሽ አስፍቃችሁ አንብቡ፤ ካላስነካ አትግዙ።

ወደ ገበያው ስትሄዱ ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ያዙ። የአውሮፓና የአውስትራሊያ ኳስ 50 ሚሊ ሜትር ነው። የአሜሪካው በሦስት መጠን ይመጣል፤ 47.6፣ 50.8 እና 58.7 ሚሊ። 50ውና 50.8ቱ በዓይን አይለዩም። የአውሮፓ ተሳቢ መቆለፊያ (ኳሱን ከላይ የሚጨብጠው አፍ) 50.8 ኳስ ላይ ሲጫን በግድ ይወርዳል፤ ምላሱ ግን እስከ መጨረሻው አይገባም። የተቆለፈ ይመስላል እንጂ አልተቆለፈም። በተቃራኒው የአሜሪካ መቆለፊያ በ50 ኳስ ላይ ሲሆን ይንኳኳል፤ ኳሱንም ቶሎ ይበላዋል። ከሁሉም የሚያስፈራው 47.6ቱ ነው፤ 50 ሚሊ መቆለፊያ ኮረብታማ መንገድ ላይ ከላዩ ዘሎ ይወጣል። ያገለገለ 50 ሚሊ ኳስ ደግሞ በየትኛውም በኩል ተለክቶ 49 ሚሊ ከደረሰ ዕድሜውን ጨርሷል። ተጠቅመንበት እናያለን የሚባል ነገር የለም።

የአውሮፓውን መጎተቻ ከሌሎቹ የሚያስበልጠው የሚናገር ሰሌዳ ስላለው ነው። በክብ ውስጥ ኢ (E) ፊደልና ቁጥር ይታያል፤ ኢ1 ጀርመን፣ ኢ4 ኔዘርላንድ ያጸደቁት ማለት ነው። ከጎኑ ሁለት ዋጋዎች አሉ። ኤስ (S) የሚለው ኳሱ ላይ ቀጥታ ወደ ታች ሊጫን የሚችለውን ክብደት በኪሎ ይናገራል፤ በአነስተኛ መኪኖች ብዙ ጊዜ ከ50 እስከ 100 ነው። ዲ (D) የሚለው በመኪናውና በተሳቢው መካከል ያለውን የመሳብና የመግፋት ኃይል በኪሎ ኒውተን ይሰጣል። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ የመኪናው ጠቅላላ ክብደት ከነጭነቱ በተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ይባዛል፤ ለሁለቱ ድምር ይካፈላል፤ በ9.81 ይባዛል፤ ለ1,000 ይካፈላል። 2,200 ኪሎ መኪና 1,500 ኪሎ ተሳቢ ሲጎትት 8.75 ይመጣል። ሰሌዳው ላይ ዲ 6.5 ካለ ያው መኪና በዚያ ብረት የሚጎትተው 948 ኪሎ ብቻ ነው። ስልክ ላይ ባለው ካልኩሌተር አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ሱቅ ውስጥ ቆማችሁ አስሉት።

የመጎተቻው አቅም ግን ግማሽ ታሪክ ነው። ሌላው ግማሽ መኪናው ነው፤ የሚሠራውም ከሁለቱ ትንሹ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የሞዴሉን ስም ኢንተርኔት ላይ ይጽፍና ያገኘውን ቁጥር ለራሱ መኪና ይወስዳል። በፈረንጆች 2019 የወጣውን የራቭ 4 ትውልድ እንውሰድ። ሃይብሪዱ በአሜሪካ 1,750 ፓውንድ ተሰጥቶታል፤ 794 ኪሎ መሆኑ ነው። በአውሮፓ ባለ አራት ጎማ ነጂው ሃይብሪድ 1,650 ኪሎ፣ በፊት ጎማ ብቻ የሚነዳው ግን 800 ኪሎ። 1,750 እና 1,650 ሲባሉ ተቀራራቢ ይመስላሉ፤ መለኪያቸው ሲገለጥ አንዱ የሌላው ግማሽ ነው። የቤንዚኑ የአሜሪካ ራቭ 4 ደግሞ አብዛኛው ዓይነት 1,500 ፓውንድ ሲሆን «አድቬንቸር»ን የመሰሉት 3,500 ፓውንድ ይላሉ። አዲስ አበባ ውስጥ እነዚህ ሁሉ በአንድ ስም፣ «ራቭ ፎር» ተብለው ይነዳሉ።

ልዩነቱን ያመጣው በዋናነት የሞተር ጉልበት አይደለም፤ የአጎታተት ልማዱ ነው። በአሜሪካ ከተሳቢው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶው ኳሱ ላይ እንዲያርፍ ይፈለጋል፤ በከፍተኛ ፍጥነት ሲነዳ ጭራው እንዳይዋዥቅ። 1,500 ኪሎ ተሳቢ በዚህ ልክ ሲጫን ኳሱ ላይ ቢያንስ 150 ኪሎ ያርፋል፤ ኤስ 75 የሚል የአውሮፓ ኳስ የሚችለውን እጥፍ ማለት ነው። አውሮፓውያን ኳሱ ላይ ትንሽ ያሳርፋሉ፤ በምትኩ ፍጥነቱን ይይዙታል፤ ጀርመን ውስጥ ተሳቢ ለሚጎትት መኪና መነሻው ገደብ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው። ስለዚህ የአውሮፓን ትልቅ ቁጥር የወሰደ ሰው ፍጥነቱንም አብሮ መውሰድ አለበት። ቁጥሩን ከአውሮፓ፣ አነዳዱን ከአሜሪካ መውሰድ ተሳቢውን ገደል ይከተዋል።

ኳሱ ላይ ስንት ኪሎ እንዳረፈ ለማወቅ ተራ የሰው ሚዛን ይበቃል። ተሳቢውን ጫኑ፣ ሜዳ ላይ አስተካክላችሁ አቁሙ፣ ጎማዎቹን በድንጋይ ያዙ፤ ከመቆለፊያው ሥር በኳሱ ቁመት ልክ የተቆረጠ እንጨት አቁማችሁ ሚዛኑ ላይ አሳርፉ። ከበዛ ጭነቱን ወደ ኋላ፣ ካነሰ ወደ ፊት መግፋት ነው።

የራሳችሁ መኪና ለየትኛው ገበያ እንደተሠራ የሚናገረው ሊብሬው ሳይሆን በር ላይ ወይም ሞተር ክፍል ውስጥ ያለው ሰሌዳ ነው። የአውሮፓው አራት ረድፍ ክብደት አለው። የመጀመሪያው የመኪናው ጠቅላላ ክብደት፣ ሁለተኛው የመኪናውና የተሳቢው ድምር፣ ቀሪዎቹ የፊትና የኋላ አክስል ናቸው። ከሁለተኛው አንደኛውን ስትቀንሱ መኪናው ሙሉ ጭኖ የሚጎትተው ይመጣል። ሁለተኛው ረድፍ ባዶ ከሆነ መኪናው እንዲጎትት አልተፈቀደለትም። የአሜሪካው ሰሌዳ በፓውንድ ይጽፋል፤ የመጎተት አቅም ግን አይነግርም፤ መመሪያ መጽሐፉን ማየት ግድ ነው።

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ጥያቄው ወደ ኤሌክትሪክ መኪና ዞሯል። ለአውሮፓ የተሠራው ባለ ኋላ ጎማ ነጂ ቮልስዋገን አይዲ 4 መጀመሪያ ሲወጣ ፍሬን ያለው ተሳቢ 1,000 ኪሎ እንዲጎትት ተፈቅዶለት ነበር፤ የአሜሪካው 2,200 ፓውንድ፣ ያው ማለት ነው። ከቻይና ለቻይና ገበያ ተሠርቶ የመጣውን ግን በዚህ ቁጥር መገመት ስህተት ነው። በቻይና የትራፊክ ደንብ አነስተኛ የሰው መኪና እንዲጎትት የሚፈቀድለት ካራቫን ወይም ጠቅላላ ክብደቱ ከ700 ኪሎ በታች የሆነ ተሳቢ ብቻ ነው። አይዲ 6 ደግሞ ለቻይና ገበያ ስለተሠራ የሚዋሰው የአውሮፓ ቁጥር እንኳ የለውም። መመሪያው ወይም ሰሌዳው ቁጥር ካልሰጠ አቅሙን ዜሮ ብላችሁ ያዙ፤ «ጉልበት አለው» የሚለው የጋራዥ ምክር ፍሬኑንና አካሉን አይተካም።

ከዚያ ከፍታው አለ፤ በሶማሌ ተራ ሱቆች ምክር ውስጥ ትልቁ ጉድለት ይኼ ነው። የአሜሪካው መለኪያ፣ ጄ2807 የሚባለው፣ አሪዞና ውስጥ ዴቪስ ዳም ዳገት ላይ 18 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በ38 ዲግሪ ሙቀት፣ ኤሲ ሙሉ ተከፍቶ፣ ከ64 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሳይወርዱ መውጣትን ይጠይቃል። የአውሮፓው ሙሉ ጭኖ 12 በመቶ ዳገት ላይ በ5 ደቂቃ ውስጥ 5 ጊዜ መነሳትን ይጠይቃል። ሁለቱም ከባድ ፈተናዎች ናቸው፤ ግን የዴቪስ ዳም ጫፍ እንኳ 1,100 ሜትር ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ 2,355። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል፤ ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘው አየርም ይሳሳል። ብዙ የአውሮፓ መኪና መመሪያዎች ከ1,000 ሜትር በላይ በየተጀመረው 1,000 ሜትር 10 በመቶ ቀንሱ ይላሉ። በዚህ ስሌት 1,650 የነበረው አዲስ አበባ ላይ 1,320፣ እንጦጦ ወይም ጣርማ በር ላይ 1,155 ይሆናል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማያስፈልገው ከፍታው ጉልበቱን አይነካበትም።

ቁልቁለቱ ሌላ ነው። ከጎሐ ጽዮን እስከ አባይ ድልድይ 1,400 ሜትር ገደማ መውረድ አለ፤ እዚያ ላይ የሚያድን ጉልበት ሳይሆን ፍሬን ነው። ፍሬን የሌለው ተሳቢ በአውሮፓ ከ750 ኪሎ ወይም ከመኪናው ባዶ ክብደት ግማሽ፣ ከሁለቱ ካነሰው፣ መብለጥ አይችልም። 1,300 ኪሎ መኪና ከሆነ 650 ነው። ፍሬን ያለው ተሳቢ ሲገዛ ደግሞ ዓይነቱን ጠይቁ፤ የአውሮፓው መቆለፊያው ወደ ኋላ ሲገፋ በራሱ ይይዛል፤ የአሜሪካው ግን ብዙ ጊዜ ኤሌክትሪክ ነውና፣ እንዲያ ከሆነ ሾፌሩ ዘንድ መቆጣጠሪያ ካልተገጠመ ጭራሽ አይዝም።

ወደ ገጠማው ስንመጣ የአካባቢው ባለሙያዎች እጅ ፈጣን ነው፤ ቆርጦ፣ ለክቶ፣ ቀዳዳ አስተካክሎ ማስገባትን ያውቁበታል። ችግሩ የሚይዙበት ቦታ ነው። ሃይለክስ ሻንሲ (አካሉ የሚቀመጥበት የብረት አጽም) አለው፤ ራቭ 4 የለውም። ሻንሲ በሌለው መኪና ላይ ፓራውልቱን በያዘው ላሜራ ወይም በወለሉ ላይ የታሰረ መጎተቻ ጥቂት ጊዜ ከጎተተ በኋላ ቀዳዳውን ሞላላ ያደርገዋል፣ ከዚያ ይቀደዳል። ፋብሪካው ለዚሁ የተዋቸው ቀዳዳዎች አሉ፤ በእነሱ ብቻ ይግባ። ውስጡ ባዶ የሆነ ሻንሲ ሲበሳ ቡሎኑ የሚያልፍበት የብረት ቱቦ መሐል መግባት አለበት፤ ካልገባ ዳዶው ሲጠብቅ ግድግዳው ወደ ውስጥ ይሰምጣል፣ ቡሎኑም ይላላል። የቡሎኑ ጭንቅላት ላይ የጥንካሬ ደረጃው፣ 8.8 ወይም 10.9፣ መጻፉን እዩ፤ ምንም ያልተጻፈበትን መልሱ። 12 ሚሊ 8.8 ቡሎን 80 ኒውተን ሜትር ገደማ ይጠብቃል፤ መለኪያ ያለው መፍቻ የሌለው ጋራዥ ውስጥ ይህ ሥራ ባይሠራ ይሻላል። ብየዳ በሻንሲ ላይ አታስነኩ፤ ወለሉ ሥር ባትሪ የተኛበት የኤሌክትሪክ መኪና ላይ ደግሞ በጭራሽ።

የመብራቱ ሽቦ የሚበላሸው ሁልጊዜ በአንድ መልኩ ነው። በአሜሪካው ባለ አራት ሽቦ መሰኪያ ነጩ ምድር፣ ቡናማው የኋላ መብራት ነው፤ ቢጫና አረንጓዴው የግራና የቀኝ ፍሬቻም ስቶፕም ናቸው። በአውሮፓው ባለ ሰባት ቀዳዳ ስቶፕ ለብቻው ቀይ ሽቦ አለው። ቀለም ከቀለም ተዛምዶ ሲያያዝ የአውሮፓ መኪና የአሜሪካን ተሳቢ ይጎትታል፣ ፍሬቻው ይበራል፣ ስቶፑ ግን ጨለማ ነው። ከኋላ ያለው መኪና ፍሬን መያዛችሁን የሚያውቀው ሲደርስባችሁ ነው። መሐል የሚገባ መቀየሪያ ሳጥን ያስፈልጋል።

ከሦስቱ የመጎተቻ ዓይነቶች የምንመርጠው ለሞዴሉ የተሠራ፣ ሰሌዳው ያልተፋቀ፣ መያዣው ሳይቆረጥ ሙሉ የመጣውን የአውሮፓ መጎተቻ ነው። የአሜሪካው ባለ ቱቦ ሻንሲ ላላቸው መኪኖች ጥሩ ነው፣ ኳሱም ይቀየራል፤ ግን የትልቁ ዓይነት ውስጡ 50.8 ሚሊ ስለሆነ ስስ ባለ 50 ሚሊ ቱቦ ሰክተው የሚሸጡትን አትቀበሉ፣ ይታጠፋል። እዚያው የተበየደውን ሻንሲ ላለው ፒክአፕና ፍሬን ለሌለው ቀላል ተሳቢ እንቀበላለን፤ ከዚያ በላይ አይደለም።

ተገጥሞ ሲያልቅ ሙሉ ጭነት ባለበት ከመሬት እስከ ኳሱ መሐል ለኩ፤ በአውሮፓ ደንብ ከ350 እስከ 420 ሚሊ መሆን አለበት። ከዚያ ተሳቢውን ጭናችሁ ከለገሃር ወደ ማዘጋጃ ቤት ቸርችልን ውጡ፣ መሐል ላይ ቆማችሁ ተነሱ፣ ተመልሳችሁ ውረዱ። ቡሎኖቹ ላይ በነጭ ቀለም መስመር አስምሩባቸው፤ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በኋላ መስመሩ ከቦታው ቢንቀሳቀስም ባይንቀሳቀስም በመለኪያው መፍቻ እንደገና ይጥበቁ።