ለዓሳ ገንዳ ተብሎ የሚሸጠውን የባህር ዛጎል ከመግዛታችሁ በፊት

ጎበዝ፣ ቤታችሁ ዓሳ ያላችሁ ይቺን ሳታነቡ እንዳታልፉ። ወደ ለገጣፎ መውጫ መንገድ ዳር ያለ አንድ የአኳሪየም ሱቅ (ስሙን አልጠራም) የባህር ዛጎልና የኮራል ስባሪ «ከጅቡቲ የመጣ፣ ኦሪጅናል፣ ለማንኛውም ዓሳ ይሆናል» እያለ ይቸበችባል። ወንድሜ ኒዮን ቴትራ ለሚባሉት ትንንሽ ዓሳዎቹ ብሎ ብዙ ብር አውጥቶ አንድ ፌስታል ሙሉ ገዛ። ዓሳዎቹ በየተራ አለቁ። ሊመልስ ሲሄድ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም፤ ደግሞ ሳታጥበው ነው የከተትከው» አሉት።

አጥቦታል፣ ቀቅሎታልም። ችግሩ ቆሻሻው ሳይሆን ዕቃው ራሱ ነው። ዛጎልም ኮራልም ካልሲየም ካርቦኔት ናቸው፣ ያው የኖራ ድንጋይ ዘር። ቀስ እያለ ይሟሟና ውሃውን ጠጣር (ማዕድን የበዛበት) ያደርገዋል፣ ፒኤቹንም (የአሲድነት መለኪያውን፣ ቁጥሩ ሲጨምር አሲድነቱ ይቀንሳል) ወደ 8 ይገፋዋል። ኒዮን ቴትራ ደግሞ የአማዞን ልጅ ነው፣ የለመደው ለስላሳና ትንሽ አሲድነት ያለው ውሃ ነው። የባሰው ግን ይሄ ነው፦ ፒኤች ከ7 ወደ 8 ሲወጣ፣ ከዓሳው እዳሪና ከተረፈ ምግብ ከሚመጣው አሞኒያ ውስጥ መርዛማው ድርሻ አሥር እጥፍ ገደማ ያድጋል። ጥምዝምዙ ዛጎል ውስጥ የደረቀ ሥጋ ከቀረማ እዚያው ይበሰብስና ሌላ አሞኒያ ይጨምርላችኋል።

ሻጩ ቢምል ቢገዘት አትስሙት፣ አቼቶ ይዛችሁ ሂዱ። ስባሪው ጎን ላይ ጠብ አድርጉ፤ አረፋ ከደፈቀ ተዉት። ቀለም ወይም ቫርኒሽ የተቀባውንማ ጭራሽ እንዳትነኩት።

ለሁሉም ዓሳ መጥፎ ነው አልልም። ሲክሊድ ለሚባሉት የማላዊና የታንጋኒካ ሐይቅ ዓሳዎች ጠጣር ውሃ ይስማማቸዋል፤ እንዲያውም ታንጋኒካ ውስጥ ባዶ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ቤታቸው ያደረጉ አሉ። ማጭበርበሩ «ለማንኛውም ዓሳ» የሚለው ላይ ነው።

ጌጥ ካማራችሁ በየሰፈራችን የሞላው ጥቁር ድንጋይ አለላችሁ፣ በነፃ። ሲሚንቶ ያልነካውን ምረጡ፣ በብሩሽ ፈትጉትና የፈላ ውሃ አፍስሱበት። ከአቃቂ ወንዝ ግን አትልቀሙ፣ የፋብሪካና የከተማ ፍሳሽ የሚወርድበት ነው። ዛጎሉን ቀድማችሁ የከተታችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ አውጡት፤ ውሃውን ግን በአንዴ ገልብጣችሁ አትቀይሩ፣ ዓሳው ይደነግጣል። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየቀዳችሁ ተኩ፣ የቧንቧውንም ውሃ ክሎሪኑን ሳታስወጡ አትጨምሩ።