አውቶማቲክ ኤስኢኦ፣ ሰው መቅጠር ወይስ በራስ እጅ? ለወሎ ትንንሽ ንግዶች

አንድ ወዳጄ ሐይቅ ከተማ ውስጥ ስምንት ክፍል ያላት ፔንሲዮን አለችው። አምና ክረምት ላይ ደወለልኝ። «ስማ እንጂ፣ ሰው እየመጣ ጀልባው የት ነው ይለኛል» አለኝ። ፔንሲዮኗ ያለችው አስፋልቱ ዳር ነው። ያላት ውሃ የሻወር ውሃ ብቻ ነው፤ እሱም በፈረቃ።

ነገሩን ስናጣራው ጣጣው የመጣው ከገዛው መሣሪያ ነው። በየወሩ እየተከፈለው ጽሑፍ ራሱ ጽፎ፣ ራሱ የሚለጥፍ፣ ለደንበኛም ራሱ የሚመልስ አውቶማቲክ ኤስኢኦ ነበር። «ሐይቅ» የከተማ ስም መሆኑን የት ያውቃል? ፔንሲዮኗን ውሃ ዳር አስቀመጣት። ይባስ ብሎ አንድ እንግዳ «ሁለት ቀን ውሃ አልነበረም» ብሎ ሪቪው ቢጽፍ፣ መሣሪያው «ስለ መልካም አስተያየትዎ እናመሰግናለን፣ ተመልሰው ይምጡ!» ብሎ መለሰለት።

ኤስኢኦ ማለት ሰው ጎግል ላይ ሲፈልግ የእርስዎ ንግድ ከፍ ብሎ እንዲታይ ማድረግ ነው። ለዚህ ሦስት መንገድ አለ፦ መሣሪያ መግዛት፣ ሰው መቅጠር፣ ራስ መሥራት። እኔ ሦስቱንም ሞክሬያለሁ።

ከዋጋው ልጀምር። እንደ ሴምረሽና አሕረፍስ ያሉት የታወቁ መሣሪያዎች ዋና ጥቅላቸው በወር ከ100 ዶላር ይበልጣል። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ይህ ለደሴ ሱቅ ቀልድ አይደለም። ክፍያው ራሱ ብዙ ጊዜ ውጭ አገር ካርድ ያለው ዘመድ ያስፈልገዋል። ደግሞ ኔትወርክ ሲጠፋ ክፍያው አይጠፋም። በራስ እጅ የሚሠራው ጎግል ቢዝነስ ፕሮፋይል፣ ማለትም ንግድዎን ጎግል ፍለጋና ማፕ ላይ የሚያሳየው ገጽ፣ ግን ነፃ ነው። ድረ ገጽ ካለዎት ሰው በምን ቃል ፈልጎ እንደመጣ የሚያሳየው ሰርች ኮንሶልም ነፃ ነው። የሚቀጠረው ልጅ ዋጋ እንደ ስምምነታችሁ ነው።

ዋጋው ይቅር እንበል። ዋናው ጉዳይ ቋንቋው ነው።

መሣሪያው የሚሠራው ስንት ሰው ምን ብሎ እንደፈለገ ቆጥሮ ነው። ለእንግሊዝኛ ጎበዝ ነው። ለአማርኛ፣ ያውም ለኮምቦልቻ ወይም ለወልዲያ ሲሆን፣ እኔ ያየሁት ሰንጠረዥ በዜሮ የተሞላ ነበር። ፈላጊ ጠፍቶ አይደለም። አንዱ «ፀጉር ቤት» ይላል፣ ሌላው «ጸጉር ቤት»። አንዱ «ሐይቅ»፣ ሌላው «ሃይቅ»፣ ሦስተኛው «ኃይቅ» ብሎ ይጽፋል። ደሴንም በላቲን ፊደል አንዱ በአንድ ኤስ፣ ሌላው በሁለት ኤስ ይጽፋታል። ይህን ቆጣሪው ሳይሆን ባንኮኒ ላይ ያለው ሰው ነው የሚያውቀው። የሱቅዎ ስም «አምባሰል» ወይም «ባቲ» ከሆነማ አብሽሩ ነው የምልዎት፤ ተፎካካሪዎ ጎረቤት ሱቅ ሳይሆን ዘፈኑ ሁሉ ነው። ከስሙ ጎን የሚሸጡትን ዕቃና ከተማውን በመግለጫው ላይ መጻፍ ግድ ይላል። በስሙ ላይ ግን ቃል አይደርድሩ፤ ጎግል ይህን ይከለክላል፣ ገጹንም ሊያግደው ይችላል።

ጎግል ማፕ ላይ ማን ቀድሞ እንደሚታይ የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ንግዱ ከተፈለገው ነገር ጋር መዛመዱ፣ ለፈላጊው ያለው ቅርበትና የንግዱ ታዋቂነት። ከፍሎ ከፍ ማለት አይቻልም። ቅርበቱን የትኛውም ሶፍትዌር አያመጣልዎትም። ደሴ ፒያሳ ያለ ሱቅ ፒያሳ ነው፣ ሸዋ በር ያለው ሸዋ በር ነው። የሚቀረው ትክክለኛ ዘርፍ፣ ስልክ፣ የሥራ ሰዓት፣ ፎቶና ሪቪው ነው። ይህ ደግሞ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

የቢዝነስ ፕሮፋይሉ ምዝገባ ብዙ ጊዜ በቪዲዮ ይረጋገጣል። የቤት ቁጥር ለማይታወቅበት ሰፈራችን ይህ ግልግል ነው። መንገዱንና ታፔላውን ያሳያሉ፣ በሩን በቁልፍ ከፍተው ይገባሉ፣ ዕቃውን ያሳያሉ። ወዳጄ ሲቀርጽ በግ መሀል ገብቶበት ሁለተኛ ዙር ቀረጸ።

ታዲያ አውቶማቲኩ ለማን ይሆናል? ላሊበላ ላይ ለሚሠራ ሎጅ ወይም አስጎብኚ። የእሱ ደንበኛ ሰፈር ውስጥ የለም፤ ሌላ አገር ሆኖ በእንግሊዝኛ የሚፈልግ ሰው ነው። ገና በላሊበላ እንዴት እንደሚከበር፣ 11ዱን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ለማየት ስንት ቀን እንደሚበቃ ይጠይቃል። እዚህ ላይ መሣሪያው ጥያቄዎቹን ለቅሞ ያመጣል፣ የተበላሸ ሊንክ ያገኛል፣ ድረ ገጹ ለምን እንደሚንቀራፈፍ ይነግራል። ያኔም ቢሆን በነፃው ዮስት ወይም ራንክ ማዝ ይጀምሩ፤ ሁለቱም ዎርድፕረስ በሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ላይ የሚጨመሩ የኤስኢኦ መሣሪያዎች ናቸው። ጽሑፉን ግን ለማሽን አይስጡ። እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2024 ጀምሮ ጎግል ለደረጃ ሲባል ብቻ በጅምላ የሚመረት ጽሑፍን እንደ አይፈለጌ ነገር ቆጥሮ ይቀጣል።

ሰው መቅጠርስ? ደሴና ኮምቦልቻ ኮምፒውተር የተማረ ልጅ ሞልቷል። ጊዜ ከሌለዎት ከመሣሪያው እሱን እመርጣለሁ፤ ቢያንስ ሐይቅ ከተማ መሆኑን ያውቃል። ሁለት ነገር ግን ያስሩ። አካውንቱ በእርስዎ ኢሜይል ይከፈት፣ ልጁ እንደ ሥራ አስኪያጅ ይጨመር። የለመድነው ጣጣ ልጁ አዲስ አበባ ሲሄድ የይለፍ ቃሉም አብሮት መሄዱ ነው። ሌላው፣ «ጎግል ላይ አንደኛ አደርግሃለሁ» የሚልን ሰው ሻይ ጋብዘው ይሸኙት። ጎግል ራሱ ይህን ቃል ማንም ሊገባ እንደማይችል ይናገራል።

ወዳጄ መሣሪያውን አቋረጠ። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምን ለማየት የሚመጣ እንግዳ እንዳለው ያውቃልና ስሙን መግለጫው ውስጥ አስገባ። ሪቪው ለጻፈውም ሰው ራሱ መለሰ፤ ይቅርታ ጠይቆ ሮቶ መግዛቱን ነገረው። የመግለጫው የመጀመሪያ መስመር አሁን እንዲህ ይላል፦ «አስፋልቱ ዳር ነን። ሐይቁ ጋ በባጃጅ ይደረሳል። ጀልባ የለንም።»