የ30 ቀን ስንቅ ነው የተባለው ባልዲ

ባልዲውን ከገዛሁት ስምንት ወር ሆኖታል። ክዳኑ ጥብቅ ያለ፣ ውስጡ ደርቆ የታሸገ ምግብ የተደረደረበት፣ ጎኑ ላይ በትልልቁ «ለ1 ሰው ለ30 ቀን፣ 120 ምግብ፣ እስከ 25 ዓመት የሚቆይ» የሚል የተጻፈበት ዕቃ ነው። አምጥቼ ፍሪጁ አናት ላይ ሰቀልኩትና እፎይ ብዬ ረሳሁት። ባለፈው ሳምንት ባለቤቴ «ኧረ ሳይቸግረን በፊት እንቅመሰው» አለች። እውነቷን ነው። ቅዳሜና እሁድ ከባልዲው ሌላ ምንም ላንበላ፣ ከትንሿ የጋዝ ምድጃ ሌላ ምንም ላንለኩስ ተስማማን።

መጀመሪያ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍኩትና ቆጠርኩ። ከ120ው ምግብ ውስጥ ለካ 24ቱ የብርቱካን ጣዕም ያለው የስኳር ዱቄት ነው! በውሃ በጥብጠው የሚጠጡት። እሱንም ምግብ ብለው ቆጥረውታል።

ከዚያ ካልኩሌተር አወጣሁ። የእያንዳንዱን ፓኬት ካሎሪ ከጀርባው እያየሁ ስደምር ሁሉም ተጠራቅሞ 27,000 ኪሎ ካሎሪ ሆነ። ለ30 ቀን ሲካፈል በቀን 900 ነው። የእርዳታ ድርጅቶች ለአንድ ሰው በቀን የሚያስቡት 2,100 ነው። በዚህ ሂሳብ ባልዲው አንድ ሰው ቢይዝ 13 ቀን ነው፤ እኛ ሦስት ስለሆንን ደግሞ ከ4 ቀን ብዙም አያልፍም። ይበልጥ ያናደደኝ ምን መሰላችሁ፣ አንድ ኪሎ ደረቅ ሩዝ ብቻውን ወደ 3,600 ኪሎ ካሎሪ አለው። ያ ሁሉ ባልዲ፣ ያ ሁሉ ሥዕልና ማስታወቂያ በሩዝ ሲመነዘር ሰባት ኪሎ ተኩል ነው።

ጣዕሙን ካነሳን፣ የድንቹ ሾርባ ጥሩ ነው፣ ሳልራብም እበላዋለሁ። አጃውን ልጄ ወዳዋለች። ፓስታው ግን ሙጫ ነው፣ ሌላ ቃል የለኝም። ሁሉም ጨው በዝቶበታል፣ ስለዚህ ያስጠማል። ያልጠበቅኩት ነገር የመጣው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ፓኬት ለአራት ሰው ይሆናል፣ ለመሥራት አንድ ሊትር የፈላ ውሃ ይፈልጋል፣ ከበላችሁት በኋላ ደግሞ ሌላ ውሃ ያስጠጣችኋል። እሁድ ጠዋት ጀሪካኑን አንስቼ ሳወዛውዘው ቅልል ብሎኝ ደነገጥኩ። ባልዲው ውስጥ አንድ ጠብታ ውሃም፣ ማፍያ የሚሆን ነገርም የለም። ውሃ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 4 ሊትር ገደማ ይያዝ ነው የሚባለው፤ ለሦስት ሰው ለሦስት ቀን 36 ሊትር ማለት ነው። ምግብ ከመግዛቴ በፊት እሱን ማሟላት ነበረብኝ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ በየፓኬቱ ውስጥ ትንሽ ከረጢት አለች። ልጄ ቅመም መስላት ድስቱ ውስጥ ልትጨምራት ስትል ነው የደረስኩባት። ውስጧ የብረት ዱቄት ነው። ዱቄቱ ሲዝግ ፓኬቱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል፣ ምግቡም በዚህ ምክንያት ነው ዓመታት የሚቆየው። ይህቺው ከረጢት ለብቻዋም ትሸጣለች። ደረቅ እህል ራሳችሁ ለማሸግ ካሰባችሁ ሩዝና ባቄላ ላይ ተጠቀሙባት፤ ስኳር ላይ ግን አታድርጉ፣ ድንጋይ ይሆንላችኋል። እህሉ በደንብ ካልደረቀ ደግሞ ጭራሽ አይታሸግ፤ እርጥበት ባለበት ኦክስጅን ሲጠፋ የሚራባ መርዛማ ባክቴሪያ አለ።

25 ዓመት የሚለው ደግሞ ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ለተቀመጠ ነው። ሙቀት ዕድሜውን ይቀንሰዋል። እኔ ስምንት ወር ሙሉ የፍሪጅ ሙቀት ሳስመታው ነው የከረምኩት። አሁን አልጋ ሥር ገብቷል።

ታዲያ መጥፎ ዕቃ ነው? አይደለም። ቀላል ነው፣ በጥድፊያ ከቤት መውጣት ቢመጣ አንጠልጥሎ መሮጥ ይቻላል፣ ምግብ ማብሰል የማይችል ሰውም ያበስለዋል። ከ5 ኮከብ 3 እሰጠዋለሁ፤ ከተቀነሱት ሁለቱ አንዷ ለብርቱካኑ ዱቄት ናት። ግን ሁለተኛ አልገዛም። በምትኩ ሁልጊዜ የምንበላውን ነገር በየሳምንቱ አንድ አንድ እያስበለጥኩ መግዛት ጀምሬያለሁ፦ ነጭ ሩዝ፣ ፓስታ፣ ምስር፣ ዘይት፣ የታሸገ ዓሣ። የተገዛበትን ቀን በማርከር እጽፍበታለሁ፤ አዲሱ ወደ ኋላ ይገባል፣ የቆየው ቀድሞ ይበላል። ቡናማውን ሩዝ ትቼዋለሁ፣ ቅባት ስላለው ቶሎ ይበላሻል። ባቄላም ብዙ አላከማችም፤ ዓመታት ከቆየ ቢቀቅሉት ቢቀቅሉት አይበስልም፣ ያንን ሁሉ ጋዝ ደግሞ ከየት አባቴ አመጣለሁ? ያበጠ ቆርቆሮ ካየሁ ሳልቀምስ እጥላለሁ። ሦስት ደርዘን ቆርቆሮ ደርድሬ ሳበቃ ደግሞ ቤት ውስጥ በእጅ የሚሠራ መክፈቻ እንደሌለ ባለቤቴ አስታወሰችኝ። ያለን በኤሌክትሪክ የሚሠራው ብቻ ነው።

ባልዲው ላይ «30 ቀን» የሚለውን ሰርዤ የተረፈውን አይቼ «2 ቀን» ብዬ ጽፌበታለሁ።