ካውያውን ከእጄ ላልተቀበሉኝ ጋሼ

ጎንደር ውስጥ የድሮ ራዲዮ፣ የሸክላ ማጫወቻ ወይም አምፕሊፋየር ተበላሽቶባችሁ «ይህስ ይጣል» የተባላችሁ ሁሉ ይህን አንብቡልኝ። ፒያሳ፣ ከፖስታ ቤቱ ብዙም ሳይርቅ፣ ሰማያዊ በር ያላት ጠባብ ክፍል አለች። ባለቤቷ ስማቸውን እንዳልጽፍ ስላስጠነቀቁኝ ጋሼ ብቻ እላቸዋለሁ።

ነገሩ የመጣው በአባቴ ሸክላዎች ነው። እነሱን በቫልቭ፣ ማለት አምፖል በሚመስሉ የመስታወት ቱቦዎች በሚሠራ የድሮ ዓይነት አምፕሊፋየር መስማት አማረኝ፤ ተሠርቶ ያለቀው ግን ዋጋው ከበደኝ። ስለዚህ ኪት የሚሉትን፣ ገዢው ራሱ የሚገጣጥመውን፣ የእህቴ ልጅ ከውጭ ሲመጣ አስመጣሁ። ካርቶኑን ታቅፌ ስገባ ጋሼ መጀመሪያ ያሉኝ «ልጄ፣ ገንዘብ ለማትረፍ ከሆነ ተሳስተሃል» ነው። አልዋሹም። የመበየጃው ካውያ፣ መለኪያው ቴስተርና ያቃጠልኳቸው ሬዚስተሮች (የኤሌክትሪክ ፍሰት የሚገድቡ ጥቃቅን ዕቃዎች) ሲደመሩ ያተረፍኩት ከቁም ነገር የሚገባ አልሆነም።

«እንግዲያው እርስዎ ይግጠሙልኝ» አልኳቸው። እምቢ አሉ። «እኔ ከገጠምኩትማ ተሠርቶ ከመጣው በምን ይለያል? እዚሁ አጠገቤ ተቀምጠህ ግጠም።»

አራት ቅዳሜ ከሰዓት ተቀመጥኩ። በመካከሉ ትዕግሥት አጥቼ ቤቴ የበየድኩትን ይዤ ስመጣ፣ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «ሶኬት ላይ ሰክተኸዋል?» አሉ። አልሰካሁትም ነበር፤ ተመስገን። ትልቁን ካፓሲተር፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመውን፣ ፖዘቲቩንና ኔጋቲቩን አገላብጬ በይጄው ኖሯል፤ ኤሌክትሪክ ቢያገኝ ግሎ ይፈነዳ ነበር።

ይህ ዕቃ ቀልድ አያውቅም። ውስጡ 300 ቮልት ገደማ አለ፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሩ ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ጋሼ በሬዚስተር አፍስሰውት፣ በቴስተር ለክተው ዜሮ መድረሱን ሳያዩ አይነኩትም፤ እኔንም አያስነኩኝም። ኤሌክትሪክ ኖሮት ስለካ ደግሞ ግራ እጄን ኪሴ ውስጥ ያስከትቱኛል፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ መንገዱ በልብ በኩል ነውና። ያለ ስፒከር ማብራትም ክልክል ነው፤ ድምፁን ወደ ስፒከሩ የሚያሳልፈውን የመውጫ ትራንስፎርመር ሊያቃጥል ይችላል።

መጀመሪያ የተበራ ዕለት አንድ የድሮ ባለ 60 ዋት አምፖል ኤሌክትሪኩ በእሱ አልፎ ወደ ዕቃው እንዲደርስ በመስመሩ ላይ በተከታታይ አስገቡ። ውስጡ ሾርት ቢኖር አምፖሉ ቦግ ብሎ ይቀራል፤ ዕቃው ይተርፋል። የእኔው ብልጭ ብሎ ደብዘዝ አለና ሁለታችንም ተነፈስን። ድምፁ ግን እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርም ነበር። ቫልቮቹን የሚያሞቀውን የ6.3 ቮልት ሽቦ ሳልገምድ፣ ከድምፁ ሽቦ ጋር አስጠግቼ ዘርግቼዋለሁ። ከሥሩ አስፈቱኝ፤ አንድም ሽቦ በእጃቸው አልገመዱልኝም። የዚያን ቀን፣ እውነቱን ልናገር፣ ተናድጄባቸው ነበር።

አሁን ሳሎኔ ውስጥ አንድ ኢሲሲ83 እና ሁለት ኢኤል84 የሚባሉ ቫልቮች ቀላ ብለው ይበራሉ። ጉልበቱ በአንድ ስፒከር 5 ዋት ቢሞላ ነው፤ ለሠርግ አይሆንም፤ ማሲንቆ ለመስማት ግን ይበቃል።

ተሠርቶ የመጣውን የገዛ ወዳጄን አልነቅፍም። ጊዜ የሌለው ሰው ተፈትኖ ያለቀውን ይግዛ። ብቻ በፎቶ አይታለል፤ የወዳጄ ቫልቮች ከሥራቸው ቀይ መብራት ተገጥሞላቸው ያምራሉ፣ ስፒከሩን የሚያንቀሳቅሰው ግን አንዲት ቺፕ ናት። ይህንንም የከፈቱለት ጋሼ ናቸው። ልመልሰው ቢል ደግሞ የዚያን ብረት ክብደት ከጎንደር ማን ይልከዋል?

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ለምትሄዱ፦ ሞባይል አይሠሩም፤ ቀጠሮም ይቆያል። የሰርኪዩቱ ስዕል ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ከሌላችሁ ራሳቸው እየተከተሉ ይስሉታል፣ ለዚያ ግን ለብቻ ያስከፍላሉ።