ለልጄ የገዛሁት ያገለገለ ላፕቶፕ፦ የአሥራ አራት ወራት ልምድ

በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ለልጄ ላፕቶፕ ልገዛ ስነሣ የያዝኩት ገንዘብ 18,000 ብር ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ በአዳማ ሱቆች ዋጋቸውን የጠየቅኋቸው አዳዲስ ላፕቶፖች ሁሉ ከዚህ ገንዘብ ከእጥፍ በላይ ስለነበሩ፣ ምርጫዬ ካገለገሉ ዕቃዎች መካከል እንደሚሆን ወዲያው ገባኝ። ልጄ በዚያው ዓመት 9ኛ ክፍል ገብታ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ትምህርት ጀምራ ነበር። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለተወሰኑ ተፈታኞች በኮምፒዩተር መሰጠት በመጀመሩ፣ ተራዋ ሲደርስ ከጥያቄው ይልቅ ከማውዝና ከኪቦርድ ጋር እንዳትታገል ሠግቼ ነበር።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ስለ ፕሮሰሰሩ፣ ማለትም ሥራውን ሁሉ ስለሚያሰላው የላፕቶፑ አንጎል፣ «ኮር አይ 5 ካልሆነ እንዳትገዛ» ብሎ አስጠንቅቆኝ ስለነበር፣ መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው 15.6 ኢንች ስክሪን ባለው፣ ሻጩ «ፍሬሽ ነው» ባለኝ የስድስተኛ ትውልድ ኮር አይ 5 ላይ ነው። ዊንዶውስ የባትሪውን ሁኔታ የሚያሳይ ሪፖርት ያወጣል። ሪፖርቱ ባትሪው አዲስ ሳለ ይይዝ የነበረውን መጠንና አሁን ሞልቶ የሚይዘውን ጎን ለጎን ያስቀምጣል። ሻጩን አስፈቅጄ ሳየው 48 ዋት ሰዓት (የባትሪ አቅም መለኪያ) የነበረው ወደ 17 ወርዷል። እንዲህ ያለው ፕሮሰሰር በሥራ ላይ እስከ 15 ዋት ድረስ እንዲወስድ ተደርጎ የተሠራ በመሆኑ፣ የስክሪኑ ሲጨመርበት መብራት በጠፋ ቁጥር ቢበዛ ከአንድ ሰዓት ትንሽ የሚበልጥ ጊዜ ብቻ ያሠራት ነበር። በዚያ ላይ ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል ኩባንያ ፕሮሰሰሮች በይፋ የሚቀበለው በጥቅሉ ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ ያሉትን ነው። በውጭ አንጸባርቆ በውስጥ ያረጀ ዕቃ መሆኑን ሳይ ትቼው ወጣሁ።

በመጨረሻ በ16,500 ብር የገዛሁት ዴል፣ ኤችፒ፣ ሌኖቮና ኤሰር ለትምህርት ቤቶች ብለው ከሚያመርቷቸው ባለ 11.6 ኢንች ላፕቶፖች አንዱን ነው። ያገለገለ ዕቃ ገበያ ላይ የሚገኘው እንደ ዕድል ስለሆነ፣ የትኛው መሆኑን መናገሩ ለአንባቢ ብዙም አይፈይድም፤ የአሠራራቸው መንፈስ አንድ ነው። የእኛ ሴለሮን ኤን 4100 ፕሮሰሰር፣ 4 ጊጋ ባይት ራም (የተከፈቱ ፕሮግራሞች የሚሠሩበት ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ) እና 128 ጊጋ ባይት ኤስኤስዲ (የፋይል ማከማቻ) አለው፤ ክብደቱም አንድ ኪሎ ተኩል አይሞላም። እዚያው ሱቅ ውስጥ በ4,000 ብር የሚያንስ ክሮምቡክ፣ ማለትም በዊንዶውስ ሳይሆን በጉግል ክሮም ኦኤስ የሚሠራ ላፕቶፕ፣ ቀርቦልኝ ነበር፤ ነገር ግን በውጭ አገር ትምህርት ቤት ተመዝግቦ የነበረ ክሮምቡክ ባለቤቱ ከመዝገቡ ካልሰረዘው፣ ሙሉ በሙሉ ቢጠረግም ሲከፈት መልሶ የዚያኑ ትምህርት ቤት መለያ ስለሚጠይቅ፣ ሻጩም ከፍቶ ሊያሳየኝ ስላልፈለገ አልደፈርኩም።

ስለ ባትሪው ረዘም አድርጌ ልናገር፤ ምክንያቱም በእነዚህ ወራት የላፕቶፑን ጥቅም የወሰነው ከሁሉ በላይ እርሱ ነው። ከአዳማ ወጣ ብሎ በሁለት ምዕራፍ የተተከሉት የነፋስ ተርባይኖች በድምሩ 204 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው፤ እኛ ግን በሳምንት ሁለትና ሦስት ምሽት ሻማ እናበራለን። ስንገዛው ባትሪው ከ42 ዋት ሰዓት 31 ይይዝ ነበር፤ ዛሬ 25 ላይ ደርሷል። ፕሮሰሰሩ የተሠራው በ6 ዋት ልክ በመሆኑ፣ በመጀመሪያው ዓመት አራት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ አሁን ደግሞ ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ያቆያታል። ባልደረባዬ የናቀው ደካማ ፕሮሰሰር ማታ ማታ መልሶ የካሰን በዚህ ነው።

የተጎዳነው በቻርጀሩ ነው። በስድስተኛው ወር አንድ ምሽት መብራት ጠፍቶ ሲመለስ፣ ሶኬት ላይ እንደተሰካ የነበረው ቻርጀር ተቃጠለ፤ ላፕቶፑ ግን ተረፈ። ምትኩን በ1,800 ብር ገዛሁ። ከዚያ ወዲህ መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን መንቀል፣ ሲመጣም አሥር ደቂቃ ታግሦ መሰካት የቤቱ ደንብ ሆኗል። የእኛ ላፕቶፕ ኃይል የሚወስደው በክብ መሰኪያ ስለሆነ ከስልክ ፓወር ባንክ ጋር አይገናኝም። በዩኤስቢ ሲ ቻርጅ የሚደረጉትም ቢሆኑ ከፍ ያለ ቮልት የሚሰጥ ፓወር ባንክ ይፈልጋሉ እንጂ ተራው የስልክ ፓወር ባንክ አያነቃቸውም፤ ብዙ ወላጅ ይህን የሚያውቀው ከገዛ በኋላ ነው።

ጥንካሬውን በተመለከተ ያየሁት ከጠበቅሁት በላይ ነው። ዙሪያውን ጎማ የለበሰ በመሆኑ ሁለት ጊዜ ከጠረጴዛ፣ አንድ ጊዜ ከነቦርሳው ከባጃጅ ላይ ወድቆ፣ የቀረበት ምልክት ጥግ ላይ ያለ ጭረት ብቻ ነው። ፋን የሌለው መሆኑንም ስገዛው እንደ ጉድለት ቆጥሬው ነበር። ሆኖም በበጋ፣ ነፋሱ የአዳማን አቧራ በየመስኮቱ ሲያስገባ፣ አየር ስቦ የሚያስገባ ቀዳዳ ስለሌለው ውስጡ ንጹሕ ሆኖ ቆይቷል። ፍራንኮ አካባቢ ያለ ጠጋኝ ከፍቶ ሲያየው የሚያጸዳው ነገር አላገኘም።

ወደ ጠጋኙ የሄድኩት ግን ለሌላ ጉዳይ ነበር። ዊንዶውስ 10 መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ ማግኘቱን ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላቆመ ወደ ዊንዶውስ 11 አሸጋገርኩት። በወረቀት ደረጃ ዝቅተኛውን መስፈርት፣ ማለትም 4 ጊጋ ባይት ራምና 64 ጊጋ ባይት ማከማቻ፣ ያሟላል። በተግባር ግን ብራውዘርና አንድ የፒዲኤፍ መጽሐፍ አብረው ሲከፈቱ ልጄ እጇን አጣጥፋ መጠበቅ ያዘች። ራም ለማስጨመር ይዤው ስሄድ ጠጋኙ የኋላ ክዳኑን ከፍቶ አሳየኝና «ጋሼ፣ ይሄ አይጨመርም፤ ከቦርዱ ጋር ተበይዷል» አለኝ። ስገዛ ባትሪውን መርምሬ ይህን ሳልጠይቅ መቅረቴ የራሴ ጥፋት ነው።

ሁለት ሳምንት ታግሠን በዊንዶውስ ምትክ ሊኑክስ ሚንት ወደሚባለው ነጻ ሥርዓተ ክወና ቀየርነው፤ እርሱ 4 ጊጋ ባይት ላይ ሳይጨነቅ ይሠራል። አማርኛ የምትጽፍበት ኪይማን በዊንዶውስም በሊኑክስም ላይ ስለሚሠራ በዚያ በኩል እንደ አዲስ መማር አላስፈለጋትም፤ ኢንተርኔት ሳይኖር ዊኪፔዲያን የሚያስነብበውን ኪዊክስንም ጫንኩላት፤ ለዳታ የምናወጣው ብር ቀነሰ። ያልተፈታው ችግር ክፍል ውስጥ የሚማሩት በማይክሮሶፍት ዎርድና ኤክሴል መሆኑ ነው። በነጻው ምትካቸው በሊብሬ ኦፊስ ሥራው ይሠራል፤ ሜኑው ግን ከተማረችው ጋር ስለማይገጥም «የት እንደሚገኝ ጻፊ» የሚል ጥያቄ ሲመጣ ትደናገራለች። ለፈተና ስትዘጋጅ ትምህርት ቤቱ ላብራቶሪ ውስጥ ትለማመዳለች፤ ያም የሚሆነው ላብራቶሪው ሲከፈት ነው።

ስክሪኑ ደካማ ነው። በረንዳ ላይ በቀን አይነበብም፤ የመማሪያ መጽሐፍ ገጽም በአንድ ጊዜ ሙሉውን ስለማይታይ ወደ ላይና ወደ ታች መግፋት አለ። ካሜራው ስለሚያደበዝዝ ብዙም አትጠቀምበትም።

እስከ ዛሬ ከነቻርጀሩ 18,300 ብር ወጥቶበታል፤ በሚመጣው ዓመትም ባትሪ መቀየር ሳይኖርብኝ አይቀርም። የዚህን ዓይነት ላፕቶፕ በዚሁ ዋጋ ደግሜ እገዛለሁ፤ ራሙ ግን 8 ጊጋ ባይት መሆን ወይም ቢያንስ የሚጨመርበት ቦታ ሊኖረው ይገባል። ታናሽ ወንድሟ መስከረም ላይ 7ኛ ክፍል ስለሚገባ ከአሁኑ ሱቅ ለሱቅ እየዞርኩ ነው፤ ባለፈው ቅዳሜ ካየኋቸው አምስት ላፕቶፖች አራቱ ባለ 4 ነበሩ፤ አምስተኛው ባለ 8 ሆኖ ሻጩ የባትሪውን ሪፖርት ሊያሳየኝ ፈቃደኛ ስላልሆነ ትቼው ተመለስኩ።