ከስኩተሩ በፊት የባትሪውን ዋጋ ጠይቁ

ባለፉት ሁለት ወራት ብቻ አራት ሰዎች «ድሬዳዋ ውስጥ ለመመላለሻ የትኛውን ልግዛ?» ብለው ጠይቀውኛል። የአራቱም ልብ ያለው አዲሷ የኤሌክትሪክ ስኩተር ላይ ነው። አራቱንም ተዉ አልኳቸው፤ ሦስቱ ገዙ። አምስተኛው ሳይመጣ ጽፌ ላስቀምጠው።

ፍርዴን አልደብቅም። በካቴና የምትሄደውን፣ ማርሿ በእግር የሚለወጠውን፣ ፍሪሲዮን (ክላች) መያዝ የማትጠይቀውን የሆንዳ ከብ ዓይነት ትንሽ የቤንዚን ሞተር ግዙ። ያገለገለች ብትሆንም ግዙ።

ይህን የምለው ኤሌክትሪክ ጠልቼ አይደለም። ከሰፈሬ ቀድሜ የገዛሁት እኔ ነኝ፤ 95,000 ብር ከፍዬ። በ2017 ዓ.ም. የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ 100 ብር ሲያልፍ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥኩ። ቤቴ ሳቢያን፣ ሥራዬ ከዚራ ነው። በዚህ ሙቀት ለምሳ ቤት የማይመለስ ስለሌለ በቀን አራት ጉዞ፣ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ፤ በወር 450። በቤንዚን 10 ሊትር፣ ከ1,000 ብር በላይ። በኤሌክትሪክ 15 ኪሎዋት ሰዓት፣ ከ150 ብር በታች። በወር አንድ ሺህ ብር ያህል ተረፈልኝ ብዬ ለባለቤቴ ሁሉ ሰበክሁ።

በ14ኛው ወር ደቻቱ ድልድይ አጠገብ ቀጥ አለች። እየገፋሁ መካኒክ ዘንድ አደረስኳት። መቀመጫውን አንስቶ፣ ተያይዘው የተደረደሩትን አምስት የእርሳስና አሲድ ባትሪዎች አንድ በአንድ ለካቸው። አራቱ ከ12 ቮልት በላይ አሳዩ፤ አምስተኛው 9 ላይ ቆመ። «አቦ፣ አንዱ ከሞተ ሌሎቹንም ይዟቸው ይሄዳል፤ አምስቱንም ቀይር» አለኝ። የዚህ ዓይነት ባትሪ ከ25 ዲግሪ በላይ ሙቀቱ በየ10 ዲግሪው ሲጨምር ዕድሜው በግማሽ ያህል ያጥራል። ግንቦትና ሰኔ ላይ ቀን ቀን ከ35 ዲግሪ በሚያልፍ ከተማ፣ ያውም ፀሐይ ላይ አቁሜ፣ ምን ጠብቄ ነበር?

የመካኒኩን ምክር አልሰማሁም። ገንዘብ ልቆጥብ ብዬ አንዱን ብቻ ቀየርኩ። በሁለት ወር ውስጥ አሮጌዎቹ አዲሱንም ጨረሱት። ከዚያ ለአምስት ባትሪ 32,500 ብር ተጠየቅሁ፤ በ14 ወር የቆጠብኩት ግን 14,000 እንኳ አይሞላም። ርካሽ ፍለጋ ሌላ ሱቅ ገባሁ። ጽሑፉ ያው፣ ቀለሙ ያው፣ ዋጋው ግማሽ። እጄ ላይ ሲቀልለኝ ከፊራ ገበያ ወስጄ ሽንኩርት ሻጯ ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት። ባለ 20 አምፔር ሰዓቱ ባትሪ ወደ 7 ኪሎ ሊመዝን ሲገባ 5 ኪሎም አልሞላም። ሴትየዋ «ምኑን ነው የምትሸጠው?» ብላ ሳቀችብኝ። ባትሪ ስትገዙ የቮልት መለኪያውም ሚዛኑም ይኑር።

የሊቲየም ባትሪ ያላትስ? ትሻላለች፤ ዕድሜዋም ይረዝማል። ግን እኔን የጠየቁኝ ሰዎች በያዙት ገንዘብ አትገኝም።

የቤንዚን ስኩተር፣ ማርሽ የሌላት፣ በካቴና ፈንታ በቺንጋ (በጎማ ቀበቶ) የምትሄደው፣ የታናሽ ወንድሜ ናት። ስትነዳ ደስ ትላለች። አስመስሎ የተሠራ ቺንጋ በ900 ብር ገዝቶ 3,000 ኪሎ ሜትር ሳይነዳ ተበጠሰበት፤ ዋናው 3,500 ብር ነው። ትናንሽ ጎማዎቿ ደግሞ ኮብልስቶን ላይ ወገብ ይሰብራሉ፣ የደቻቱ አሸዋ ውስጥ ይቀበራሉ። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ባለ ካቴናዋን ያገለገለች በ85,000 ብር ገዛኋት፤ ካቴናና ጥርስ፣ ካንዴላና ዘይት ለመቀየር ሌላ 4,200 ወጣ። ጎማዋ ትልቅና ቀጭን ነው፣ ጉድጓድ ይሻገራል። ካቴናው ሲላላ በቁልፍ እኔው አጠብቀዋለሁ፤ ቺንጋና ባትሪ ይህን አይፈቅዱም። ሆንዳ ይህችን ሞተር መሥራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1958 ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2017 የተሠሩት ብዛት መቶ ሚሊዮን ደርሷል፤ የማያውቃት መካኒክ አላጋጠመኝም። ሐረር ያሉ ዘመዶቼን ስጠይቅ የደንገጎን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ፣ እያጉረመረመች ትወጣዋለች። በኤሌክትሪኳ አልሞከርኩትም፣ አልሞክረውምም።

ጉድለቷ ሰልፍ ነው። ቤንዚን በጠፋ ጊዜ ማደያ ላይ ግማሽ ቀን ቆሜ ጎረቤቴ በኤሌክትሪኩ እያፏጨ ሲያልፍ አይቻለሁ፤ ያን ቀን ይህን ጽሑፍ ብትጠይቁኝ ሌላ እጽፍ ነበር።

አንድ ነገር እንዳትረሱ፦ ሊብሬ ሳታዩ ብር አትቁጠሩ። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን በጨርቅ ጠርጋችሁ ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ አመሳክሩ። «ወረቀቱ በኋላ ይመጣል» የሚባል ሞተር በ30,000 ቢቀንስም ታርጋ አያገኝም።

የኔዋ ስኩተር እስካሁን ግቢ ውስጥ ቆማለች። ሊብሬዋ ሙሉ ነው፣ ጎማዋ አዲስ ነው፤ 40,000 ብር፣ ያለ ባትሪ።