«የቤትዎን ታክስ እኔ እከፍልልዎታለሁ» ለሚል ሰው እንዳትፈርሙ

ሜሪላንድም ሆነ ዲሲ ቤት ያላችሁ፣ በተለይ ሞርጌጅ (የቤት ብድር) የጨረሱ እናትና አባት ያሏችሁ፣ እባካችሁ ይህን ሳታነቡ አትለፉ። አክስቴ ቤቷን ለማጣት የቀራት አንድ ፊርማ ብቻ ነበር።

የምትኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ቤቱን የገዙት ከባለቤቷ ጋር ነው። እሱ ካረፈ በኋላ ግን ሁለት ሥራ እየሠራች ብቻዋን ከፈለች። የመጨረሻውን የባንክ ክፍያ የከፈለች ቀን ድፎ ደፍታ፣ ቡና አፍልታ፣ ጎረቤቱን ሁሉ ጠራች። «ከእንግዲህ የማንም ዕዳ የለብኝም» አለች። እኛም እልል አልን።

ለካ እስከዚያ ቀን ድረስ የቤቱን ታክስ ሲከፍል የነበረው ባንኩ ነው። በየወሩ ከምትከፍለው ላይ ኤስክሮው በሚሉት ሂሳብ ውስጥ እያስቀመጠ ለካውንቲው ይልክላት ነበር። ሞርጌጁ ሲያልቅ ይሄም አብሮ ቆመ። የታክሱ ቢል በቀጥታ ወደ እሷ መምጣት ጀመረ። እሷ ደግሞ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ሁሉ ማስታወቂያ ስለሚመስላት የወጥ ቤት መሳቢያ ውስጥ ትከታቸዋለች። በኋላ መሳቢያውን ስከፍት 11 ፖስታ አገኘሁ። ዘጠኙ እንደታሸጉ ናቸው።

ታክስ ሳይከፈል ሲቀር ዕዳው ቤቱ ላይ ይያዛል። ታክስ ሊን የሚባለው እሱ ነው። ከዚያ ካውንቲው ይህንን ዕዳ በዓመት አንዴ በጨረታ ይሸጠዋል። ልብ በሉ፣ በዚያን ቀን የሚሸጠው ዕዳው እንጂ ቤቱ አይደለም። ገዢው ታክሱን ለካውንቲው ይከፍልና እናንተ ዕዳውን ስትዘጉ ወለድ ይበላል። ዲሲ በዓመት 18 በመቶ ነው። ሜሪላንድ እንደየካውንቲው ይለያያል፣ 20 በመቶ የሚደርስበትም አለ። ሳትከፍሉ ወራት ካለፉ ደግሞ ገዢው ቤቱን ለመውሰድ ፍርድ ቤት ይሄዳል፣ ያኔ የእሱ ጠበቃ ክፍያም እናንተ ላይ ይደመራል። ሜሪላንድ ውስጥ ግን ፍርድ ቤቱ የመጨረሻ ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ ከፍሎ ቤትን ማዳን ይቻላል። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም፣ «አልቋል» ሲባል ያምናል።

ትንሽ ዕዳ ነው ብላችሁም አትናቁት። በ2013 ዋሽንግተን ፖስት ያወጣው ምርመራ ላይ ዲሲ ውስጥ በ134 ዶላር ዕዳ የተጀመረ ጉዳይ አንድ የ76 ዓመት አዛውንት የቀድሞ ወታደር 197,000 ዶላር ገደማ የሚያወጣ ቤታቸውን አሳጥቷቸዋል። ከዚያ ወዲህ የዲሲ ሕግ ተሻሽሏል፣ ቢሆንም ነገሩን ባሰብኩት ቁጥር ያንገበግበኛል።

ወደ አክስቴ ልመለስ። ከጨረታው በፊት የባለዕዳዎች ስም ዝርዝር ጋዜጣ ላይ ይወጣል። ሰውየው ያገኛት ከዚያ ይመስለኛል። ቅዳሜ ጠዋት በሯን አንኳኳ። ሐበሻ ነው፣ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ጥሩ የለበሰ፣ ጎንበስ ብሎ ሰላም የሚል ሰው ነው። «እማማ፣ እንደ እናቴ ነው የማይዎት፣ አይዞዎት፣ እኔ እያለሁ ቤትዎን ማንም አይነካም» አላት። እሷም እግዚአብሔር የላከው መሰላት። ዕዳው 4,800 ዶላር ገደማ ነው። እሱ ዛሬውኑ ሊከፍልላት፣ እሷ በወር 600 ዶላር እየመለሰችለት ሊጨርሱ ተስማሙ። «ለወረቀቱ ማስጨረሻ» ብሎ 1,500 ዶላር በጥሬው ተቀበላት። ደረሰኝ የለም። ሐሙስ ኖታሪ፣ ማለትም ፊርማ የሚያረጋግጥ ሰው፣ ይዞ ሊመጣ ተቀጣጠሩ።

ረቡዕ ማታ ደወለችልኝ። «ና እስቲ ይቺን ወረቀት እይልኝ፣ መነጽሬ አልያዘልኝም» አለችኝ። ሄድኩ። አራት ገጽ ነው። የመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ «ኩዊትክሌም ዲድ» ይላል። ዲድ እንደ አገር ቤት ካርታ በሉት፣ ቤቱ የማን እንደሆነ የሚናገረው ሰነድ እሱ ነው። ከሥሩ አክስቴ ሰጪ፣ የሰውየው ድርጅት ተቀባይ ተብለው ተጽፈዋል። ዋጋው 10 ዶላር። አዎ፣ አሥር ዶላር፣ በፊደልም በቁጥርም ተጽፏል። የመጨረሻው ገጽ የኪራይ ውል ነው። ያቺ 600 ዶላር ለካ የገዛ ቤቷ ኪራይ ናት። ታክሱን ይከፍላል የሚል አንድ መስመር የለም። ቤቱን ይመልሳል የሚልም የለም። ሦስቴ አነበብኩት፣ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ሳይመጣ ቀድመን ካውንቲው ፋይናንስ ቢሮ ሄድን። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ የሚፈለገውን ሂሳብ እስከ ሳንቲሙ አትማ ሰጠችን። ቤተሰብ ተዋጥተን በዚያው ቀን ከፈልን። ጨረታው ገና ሦስት ሳምንት ነበረው። ሰውየው ማታ ደውሎ «እማማ፣ እኔን አላመኑኝም ማለት ነው?» አላት። 1,500ውን ስጠይቀው ስልኩን ዘጋ፣ ከዚያ ወዲህ አያነሳም። ለስቴቱ ጠቅላይ አቃቤ ሕግ የሸማቾች ጥበቃ ክፍል አመልክተናል።

ሌላው የቆጨኝ ነገር፣ ታክሱ ራሱ ከሚገባው በላይ ሆኖ መቆየቱ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ የምትኖሩበት ቤት የታክስ ግምት በየዓመቱ ከ10 በመቶ በላይ እንዳይዘል የሚገድብ ሆምስቴድ ክሬዲት አለ፣ አንዴ ማመልከት ብቻ ነው የሚፈልገው። አክስቴ አላመለከተችም። የቤተሰቡ ገቢ በዓመት ከ60,000 ዶላር ለማይበልጥ ደግሞ ሌላ ቅናሽ አለ፣ እሱን በየዓመቱ እስከ ኦክቶበር 1 መጠየቅ ነው። የቤቱ ግምት በዛ የምትሉም ግምቱ በየሦስት ዓመቱ ስለሚታደስ ደብዳቤው ከወጣ በ45 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ትችላላችሁ። ግን ይግባኝ ብያለሁ ብላችሁ ታክሱን እንዳታቆሙ። ክርክሩ እየሄደም ቢሆን ቢሉ ይከፈላል፣ ካልተከፈለ ሊኑ ይመጣል። ዕዳው የእናንተ ካልሆነ ወይም ከፍላችሁ ከሆነ ደረሰኙን ይዛችሁ ከጨረታው በፊት ሂዱ፣ በስልክ ብቻ አትመኑ። ለዚሁ ጉዳይ ስቴቱ ያቋቋመው የታክስ ሴል (የታክስ ዕዳ ጨረታ) ኦምቡድስማን፣ ማለትም አቤቱታ ሰሚ፣ አለ፣ በነጻ ነው የሚረዳው። ሜሪላንድ ቮለንቲር ሎየርስ ሰርቪስም አቅም ለሌለው ሰው በዚህ ነገር ጠበቃ ያገናኛል።

ቤታቸው ቀድሞ የተወሰደባቸውን ደግሞ «የተረፈ ገንዘብ አለዎት፣ ላስመልስልዎት» የሚሉ መጥተዋል። ገንዘቡ እውነት ሊኖር ይችላል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሜይ 2023 በሚኒሶታዋ የ94 ዓመት አዛውንት በጀራልዲን ታይለር ጉዳይ ቤቱ ከተሸጠበት ገንዘብ ከዕዳው በላይ የተረፈው የባለቤቱ ነው ብሎ ወስኗል። ግን ግማሹን ለሚወስድ ሰው ከመፈረማችሁ በፊት ገንዘቡን ራሳችሁ ጠይቁ።

ያ ሰውዬ ሰሞኑን ሌላ እናት ቤት እንደሄደ ሰምቻለሁ፣ «እንደ እናቴ ነው የማይዎት» እያለ። እሷ አልፈረመችም። ያቺን ባለ 10 ዶላር ወረቀት ያየ ወይም የፈረመ ሰው ካለ ይጻፍልኝ፣ ከአቤቱታችን ጋር አያይዤ አስገባዋለሁ።